የበቅሎዋ ፍራሽ

መስክ ስንወጣ ዕቃ የኔ ነው። ድንኳኑ፣ ቀለቡ፣ ጀሪካኑ፣ ጀበናው ሳይቀር። ቡድኑ ተርቦ ከተመለሰ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በብርድ ተቀጥቅጦ ከተመለሰም እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ተቀጥቅጦ ተመልሷል።

ጊዜው ኅዳር ነበር። ሥራው አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ መቁጠር። አቡነ ዮሴፍ ከላሊበላ በላይ ያለው የላስታ ጣራ ነው፤ ጫፉ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ደሴ ቢሮ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የምንሰፍርበት ቦታ ከላሊበላ በአስር ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር። የተሳሳተው ግዢው ነው።

በኔ ቤት ብርድ ማለት ብርድ ልብስ ማለት ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ፣ ደሴ ፒያሳ ወርጄ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከስሊፒንግ ባጉ (ከመኝታ ከረጢቱ) በላይ የሚደርበው ሁለት ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁ። ከስር የሚነጠፈውን ግን ብዙም አላሰብኩበትም። በአየር የሚነፋ ፍራሽ አየሁ፤ ሲታጠፍ ክንድ አያህልም። ስፖንጁ ግን ለበቅሎ ጭነት ይበዛል። አየሩን መረጥኩ። ቡድን መሪዬም አይቶ «ጎበዝ» አለኝ።

ከወልድያ በድልብ ሽቅብ ወጥተን ጋሸና ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ንፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር። ብርድ ልብሶቼን አሰብኩና ልቤ ሞላ።

ከላሊበላ ወዲያ በእግርና በበቅሎ ነው። ባለ በቅሎው ስድሳን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ጭነት ስንከፋፍል አንዷ በቅሎ ላይ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ሁለት ማዳበሪያዎች አየሁ። እኔ እያንዳንዷን ኪሎ ቆጥሬ፣ እሳቸው ጭድ!

«አባቴ፣ እላይ ሣር ሞልቶ የለም እንዴ? ለበቅሎዋ ጭድ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ፣ አይከብድም» አሉኝ። በዚሁ ተዘጋ።

መስፈሪያውን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ከጅረቱ ዳር፣ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ ለጥ ያለ ሜዳ። ጅብራዎቹ ከቆሙበት ጉብታ በታች ስለሆነ ንፋስ አያገኘውም። ሽማግሌው ቆመው አዩትና «እዚህማ ብርዱ ራሱ ይተኛበታል። እናንተ የት ልትተኙ ነው?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። በቅሎዋን እየሳቡ ከኛ ከፍ ብሎ ወዳለው ትከሻ ወጡ። ቀዝቅዞ የከበደ አየር ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳው ቦታ እንደሚወርድ እኮ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ።

ድንኳን ከመትከላችን በፊት ላስቲክ አነጠፍኩ። ላስቲኩ በአራቱም ጎን ከድንኳኑ አንድ አንድ ክንድ ያህል ተርፎ ወጣ። እሱንም እንደ ብልጠት ቆጠርኩት፤ ሰፋ ያለ ነገር መቼ ይጠላል።

ማታ ያለ ወቅቱ ካፊያ ጣለ። ቀላል ነበር፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ከዚያ ሰማዩ ጠራ። ሰማይ ሲጠራ ደግሞ ደጋ ላይ ምን እንደሚከተል ወሎዬ አይጠፋውም። ውርጭ።

ስድስት ሰዓት ሌሊት ላይ ነቃሁ። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተጭኖኛል፤ ይከብደኛል እንጂ አያሞቀኝም። ሆዴ ደህና ነው። ጀርባዬ ግን የኔ አልመስል አለኝ። በጎኔ ዞርኩ፤ ያ ጎን ቀዘቀዘ። በሌላው ዞርኩ። እንደ ቂጣ ስገላበጥ አደርኩ፤ ቂጣ እንኳ ይሞቀዋል። እጄን ከስሬ ሰድጄ ስሊፒንግ ባጉን ዳበስኩት። ከላይ እንደ ትራስ ተነፍቶ የነበረው ነገር ከወገቤ በታች ስስ ጨርቅ ሆኗል። ከሱ ስር ያለው ፍራሽም ቀዝቃዛ ውሃ የሞሉት ነው የሚመስለው። ከጎኔ የተኛው ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ያመጣትን ብልጭልጭ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ከስሩ አንጥፎ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቺፕስ ከረጢት ስትንኮሻኮሽ አደረች። ሲነጋ በላብ ረጥባ ተገኘች። ሙቀት ታንጸባርቃለች፤ መሬት ላይ ከተጫንካት ግን የምታንጸባርቅበት ክፍተት የላትም።

ሲነጋ ሁለተኛው ጉድ መጣ። ተርፎ የወጣው ላስቲክ ካፊያውን እንደ ገንዳ ተቀብሎ ወደ ድንኳኑ ስር አስገብቶታል። የድንኳኑ ወለል ሲነካ ይንቦጫረቃል። የአንደኛው ልጅ ፍራሽ ደግሞ ኮሸሽላ ወግቶት ሌሊቱን ተንፍሷል። እሱማ ጭራሽ መሬት ላይ ነው ያደረው።

ይህ ሁሉ የኛ ምቾት ጉዳይ ቢሆን ባልጻፍኩት። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ የሌሊት አውሬ አይደለም፤ ቀን ነው አይጥ የሚያድነው። ስለዚህ ቆጣሪ ጎህ ሲቀድ ጉብታ ላይ መገኘት አለበት። ያልተኙ ሰዎች ጉብታ ላይ ወጡ። ከሰዓት ቅጹን ስንመረምር አንዱ የሰዓቱን ዓምድና የቁጥሩን ዓምድ አቀያይሮታል። በሁለት ሰዓት የታየች አንዲት ቀበሮ፣ በአንድ ሰዓት የታዩ ሁለት ቀበሮዎች ሆና ተመዝግባለች። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ከ500 በታች ነው የሚገመተው። በእንቅልፍ እጦት አንዲት ቀበሮ መውለድ ትንሽ ስህተት አይደለም። ያ ልጅ ግን አይወቀስም። ያቺን ቀበሮ የወለዳት የኔ ግዢ ነው።

ወደ ሽማግሌው ወጣሁ። እሳቸው እኮ ድንኳን እንኳ የላቸውም፤ ቋጥኝ ተጠግተው ነው ያደሩት። ሁለቱ የጭድ ማዳበሪያዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ከላያቸው ጠጉሩን ወደ ላይ ያደረገ የበግ አጎዛ። የሚለብሱት ጋቢና በርኖስ ብቻ ነው። ከተነሱ ቆይተዋል፤ እጄን አጎዛው ላይ ባሳርፍ ገና ለብ ይላል። የኔ መኝታ እኔ ውስጡ እያለሁም እንዲህ አልሞቀም።

«የላዩንማ ጋቢ ይችለዋል» አሉኝ እሳት እየቆሰቆሱ። «አንተን የበላህ መሬት ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። ብርድ ልብስም ስሊፒንግ ባግም ሙቀት አይሠሩም፤ በውስጣቸው ረግቶ የተቀመጠ አየር ነው የሰውነትህን ሙቀት የሚይዝልህ። ከላይህ ያለው አየሩን እንደያዘ ነው። ከስርህ ያለውን ግን በክብደትህ ጨፍልቀህ አስወጥተኸዋል። በዚያ በኩል መሬቱ ሙቀትህን ሌሊቱን ሙሉ ይመጠምጠዋል። ታዲያ የአየር ፍራሹ አየር የለውም ወይ? አለው፤ ግን የረጋ አይደለም። ባዶ ቱቦ ውስጥ ከጀርባህ የሞቀው አየር ወዲያ ወዲህ እያለ ሙቀቱን ለመሬት ያስረክባል። ጭድ ግን ራሱ ባዶ አገዳ ነው፣ በየአገዳው ትንሽ ትንሽ አየር ይዟል። የበግ ጠጉርም ተጭነኸው ሙሉ በሙሉ አይተኛም።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ ድንኳኖቹን ነቅለን ወደ ትከሻው ወጣን። ላስቲኩን አንድ ጣት እንኳ እንዳይወጣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍኩት። አንዱ «የጓሳ ሣሩን አጭደን ብንጎዘጉዘውስ» አለ። የምንቆጥራቸው ቀበሮዎች የሚበሏቸው አይጦች የሚኖሩት እሱ ውስጥ ነው። ተወው። ይልቅ የፓስታና የብስኩት ካርቶኖችን ዘርግቼ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ፤ ባዶ ማዳበሪያ፣ ገመድ፣ የበቅሎ መደላድል፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ከአየር ፍራሹ በላይ ደግሞ ከሁለቱ ብርድ ልብስ አንዱን አጥፌ ከስር አስገባሁት። ከላይ አንድ ቀረ። ሰው ሁሉ «አበደ እንዴ» አለ። ሲነጋ እኔ ነኝ ቀስቅሼ ያስነሳኋቸው።

ከዚያ ወዲህ የምገዛው ስፖንጅ መሳይ ጥቅጥቅ ያለ ማት ነው። እሾህ ቢወጋው አይተነፍስም፤ ከበቅሎው ጭነት ውጭም ይታሰራል። ማት ላይ አር-ቫሊዩ የሚባል ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ በጨመረ ልክ ሙቀት ወደ መሬት ማለፉ ይቀንሳል። ተራው ስፖንጅ ሁለት ገደማ ነው፤ ባዶው የአየር ፍራሽ አንድም ላይሞላ ይችላል። ውርጭ ለሚወርድበት መሬት አራትና ከዚያ በላይ ይሻላል። ደስ የሚለው ቁጥሩ መደመሩ ነው። ሁለት ማት ስትደራርብ ሁለትና ሁለት አራት ይሆናል። ለመስክ ሰው ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም።

የሽማግሌው ፍራሽ ግን አንድ ችግር ነበረበት። ፍራሹ ለካ የበቅሎዋም ቀለብ ነው። ጠዋት ጠዋት ከማዳበሪያው እፍኝ እፍኝ እያወጡ ይሰጧታል። በአራተኛው ቀን አንዱ ማዳበሪያ ግማሽ ደረሰ። «ዛሬ በላችኝ» አሉ እየሳቁ። የመጨረሻውን ሌሊት የኔን ትርፍ ብርድ ልብስ ከአጎዛው ስር አንጥፈው አደሩ።

ለሚቀጥለው ጉዞ የግዢ ጥያቄ ሳዘጋጅ ከማቶቹ ስር «ጭድ፣ አራት ማዳበሪያ» ብዬ ጻፍኩ። ፋይናንስ ያለችው እህታችን ስልክ ደወለችልኝ።

«አንተ፣ በዚህኛው ጉዞ ስንት በቅሎ ነው ያላችሁ?»

«አንድ» አልኳት።

ቆየት ብላ «እና አራት ማዳበሪያ ማን ሊበላው ነው?» አለች።