አንድ የመሰለኝ ድምፅ ሁለት ነበር

ኅዳር መግቢያ ላይ ከጌራ እሸት ቡና ጭኜ ወደ አጋሮ ስወርድ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ከእግሬ ስር፣ ከወለሉ በታች። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። ሬዲዮውን ዘጋሁ፣ መስኮቱን አወረድኩ፣ ረዳቴን ዝም አሰኘሁት። እሸት የጫነ ሰው ግን መንገድ ዳር ቆሞ መመራመር አይችልም። ቡናው በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይግላል፣ ይኮመጥጣል፣ ደረጃው ይወርዳል። እያዳመጥኩ ነዳሁ፣ መፈልፈያው ጋ አራገፍኩ፣ ማታ ጅማ ገባሁ።

መኪናዬ 79 ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ናት፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። የፊት አክስሏ እንደ ኋላው አንድ ወጥ ነው። ፊት ጎማዎቿ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር ፍሪ ሃብ አላት፤ ስትታሰር ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የምታያይዝ፣ ስትፈታ የምታላቅቅ። ይህችን ፍሪ ልብ በሉልኝ፣ ታሪኩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

በማግስቱ ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ድምፁን የሰማሁት እኔ፣ በየቀኑ የምነዳው እኔ፤ ጥያቄውም መልሱም ግን ለወንድሜ ሆነ። መኪናዋን ከግቢው ሳያስወጡ ከስር አንዴ አዩና «ዲፈረንሻሉ በልቷል፣ ሙሉ ይቀየር» አሉ። የጠሩት ዋጋ የወቅቱን ትርፌን ግማሽ የሚወስድ ነው። «ነድታችሁ ሰማችሁት?» አልኳቸው። «አያስፈልግም» አሉኝ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

አንድ የቡና ሹፌር ቆጪ አካባቢ ያሉ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ላከኝ። ጋሼ መፍቻ አላነሱም። ቡና አስቀዱልኝና መጠየቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ድምፁ ነዳጅ ስትሰጪ ነው ወይስ ስትለቂ?»

«መሪ ስትጠመዝዢ ይብስበታል?»

«ፍሪዋ ታስራ ነው ወይስ ተፈታ?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አላስተዋልኩም። ፍሪዋ ግን ከሰኔ ጀምሮ እንደታሰረች ነበር። በክረምት ጭቃ ውስጥ እየወረዱ ማሰርና መፍታት ስለሚያሰለች ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ሰርቦ መውጫ አስፋልት ላይ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው በተሳፋሪው በኩል አንገታቸውን አውጥተው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ፍሪዋ እንደታሰረች፣ ፎር ዊል ሳይገባ ሄድን። ቅጭ ቅጩ አለ። አቆምን፣ ወርደው ሁለቱንም ፍሪዎች ፈቱ፣ ያንኑ መንገድ ተመለስን። ቅጭ ቅጩ ጠፋ!

ለምን እንደሆነ መንገድ ላይ አስረዱኝ። ፍሪዋ ስትፈታ የፊት ጎማ ብቻውን ነው የሚዞረው። ጎማውን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኙት ዘንጎች፣ መሪ ሲጠመዘዝ የሚተጣጠፈው መገጣጠሚያ፣ ዲፈረንሻሉ ራሱና ከዲፈረንሻሉ ወደ ኋላ የሚሄደው የፊት ፕሮፔለር ሻፍት ሁሉ ይቆማሉ። ፍሪ ስትፈታ የጠፋ ድምፅ ከእነዚህ ከአንዱ ነው። ካልጠፋ ግን የጎማ ኩሽኔታ፣ ፍሬን ወይም ጎማው ራሱ ነው። አንድ ብሎን ሳይፈታ አክስሉ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ይህን ዘዴ እስከዚያ ቀን አለማወቄ ቆጨኝ።

ጋሼ ግን አልተደሰቱም። እጃቸውን አንስተው «ዝም በይ፣ ሌላም አለ» አሉኝ። ቅጭ ቅጩ ሸፍኖት የነበረ አንድ ቀጭን ጉርምርምታ ቀርቷል። ልጆች በኩሽኔታ ጋሪ አስፋልት ቁልቁለት ሲወርዱ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ ከሩቅ ሆኖ። ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይጎላል፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ይከሳል። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ የመኪናዋ ክብደት ግራ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፣ የታመመው ግራው መሆኑን ያን ጊዜውኑ ጠረጠሩ። ጠጠር መንገድ ላይም ገባን፣ ድምፁ አልተለወጠም። የጎማ ጥርስ ድምፅ ቢሆን መንገዱ ሲለወጥ ይለወጥ ነበር።

የሚተጣጠፈውን መገጣጠሚያ ለመሞከር ሣር ሜዳ ላይ ወጣን። ፍሪዋን አስረን፣ ፎር ዊል አስገብተን፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ያ ያለቀ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሁኔታ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ራሱን ያጋልጣል። አላለም። ይህን ሙከራ ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክሩት። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ እኩል አይደለም። ፎር ዊል ግን የፊቱንና የኋላውን ሻፍት እኩል እንዲዞሩ ያስገድዳቸዋል፣ ስለዚህ ጭንቀቱ ዘንጎቹ ላይ ይወድቃል። ጎማው ሊንሸራተት የሚችልበት ልል መሬት ያስፈልጋል።

ጋራዥ ተመልሰን ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አድርገን፣ ፍሪዋን ፈትተን ከስር ገባን። አብሬያቸው ገባሁ፣ አልከለከሉኝም። የፊት ፕሮፔለር ሻፍቱን ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁት። በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ክሮቼራ፣ ማለትም ሻፍቱ የሚተጣጠፍበት ባለ መስቀል መገጣጠሚያ፣ ተንቀጠቀጠ። ቅጭ ቅጩ የእሱ ነበር። ቆቦቹ ዙሪያ ደቃቅ ቀይ ዱቄት ነበር። «ይህ ዝገት ነው፣ ግራሶ ካየ ቆይቷል» አሉኝ። ግራሶ የሚገባባት ትንሿ አፍ በደረቀ ጭቃ ተደፍና ስለነበር፣ በየጊዜው ግራሶ ተሞላልሽ ስባል ወደ ውስጥ ምንም አልገባም ነበር።

(ክሮቼራ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ... የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። በእንግሊዝኛ መመሪያ ውስጥ «ክሮቼራ» ፈልጌ ማጣቴ ለካ ለዚህ ነው።)

ከዚያ ግራውን ጎማ በክሪክ አነሳን። ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ይጫወታል። እኔን ፍሬን አስረገጡኝና ደግመው ነቀነቁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ፍሬን ሲረገጥ ሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት) ከአክስሉ ጫፍ ጋር አንድ ይሆናል። ጨዋታው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማ ኩሽኔታው ነው፤ ባይጠፋ ኖሮ መሪው የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ይጠረጠሩ ነበር።

ሲፈቱት ያዘንኩበትን ነገር አየሁ። ኩሽኔታውን አጥብቆ የሚይዘው ትልቁ ዳዶ 54 ቁጥር ቡሶላ መፍቻ ይፈልጋል። ጫፎቹ ግን በመሮ ተመትተው ተቦጫጭቀዋል። እንዳይላላ የሚያግደው የሮንዴላ ጥርስም አልታጠፈም። ዓምና የፍሬን ዲስክ ሲቀየር ሃቡን ፈትቶ የገጠመው ሰው ነው እንዲህ የተወው። ዳዶው ቀስ በቀስ ላላ፣ ወንዝ ስሻገር ውሃ ገባ፣ ግራሶው እንደ ወተት ነጣ። ኩሽኔታው ላይ በጣት የሚሰማ ቁስል ነበር።

ሁለቱንም የግራ ኩሽኔታዎች፣ ኦይል ሲሉንና ክሮቼራውን ቀየርን። ጋሼ ዳዶውን ጎማውን እያዞሩ አጠበቁት፣ መልሰው አላሉት፣ እንደገና በልክ ያዙት፣ ከዚያ የሮንዴላውን ጥርስ አጠፉ። «ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይበላል» አሉኝ። ቀኙንም ከፍተው አዲስ ግራሶ ሞሉበት። ሌላው ጋራዥ ከጠራው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የከፈልኩት ጥቂት ነው።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ የዲፈረንሻሉን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን እንዲፈቱልኝ። ማየት ነበረብኝ። ዘይቱ ጥቁር እንጂ ወተት አልመሰለም፣ ውሃ አልገባበትም። ብሎኑ ላይ ያለው ማግኔት ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ብቻ ይዟል። በጣቴ አሸሁት፣ አንድም የብረት ስባሪ አልነበረበትም። አዲስ ዘይት ሞላንበት፣ መተንፈሻውን ከጭቃ ጠረግነው፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ፍሪዎች እንደተፈቱ ይዤ እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል መስኮቴን ከፍቼ ነዳሁ። ደርሼ ወረድኩና ሁለቱን ሃቦች በእጄ ዳሰስኳቸው። እኩል ለብ ብለዋል። የጌራው ጭቃ ሲጀምር ፍሪዎቹን አሰርኩ።