ዲፓርትመንት ሳይኖረኝ የከረምኩበት ዓመት

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ፍሬሽ ነኝ።»

«እሱማ ገባን። ምን ልትሆኚ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ይጠይቁኛል። አንዳንዴ ሲመረኝ «ኢንጂነር» ብዬ እገላገላለሁ። አንዲት ሴትዮ ግን «የምን ኢንጂነር?» ብላ አፋጠጠችኝ። ከዚያ ወዲህ መዋሸቱንም ተውኩት።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2012 ነው። ከኛ በፊት የነበሩት 12ኛን ጨርሰው ሲመደቡ የሚማሩበትን ዘርፍ ይዘው ነበር የሚገቡት። ድሮ ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት፣ ማለትም ዲፓርትመንት ሳይመረጥ የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ተመልሶ የተጀመረው በኛ ነው። ናቹራል እና ሶሻል ተብለን ተከፈልን። ከዚያ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብ እየተማርን ከረምን። ሲኒየሮችን እንዴት እንደመረጡ ብንጠይቅ «እኛማ ይዘን ነው የገባን» ይሉናል። ምክር የሚሰጥ ሞልቷል፤ በዚህች መንገድ ያለፈ ግን የለም።

አሜሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ እነሱ ጋ ብዙ ተማሪ ሳይመርጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል እንደሚቆይ ነገረችኝ። «አንዲክሌርድ» ይባላል አለች። ቀናሁ። የኔ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ አልቋል።

አባቴ ጥያቄም የለው። ዳባት ነው የሚኖረው፤ ለሱና ለእኩዮቹ ጎንደር መማር ማለት ሐኪም መሆን ነው። አይፈረድበትም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ የተመለሰ ሁሉ «ከጎንደር የመጣው» ነው የሚባለው።

የመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። «ገና ዲፓርትመንት የለኝም፣ ምን ያስጨንቀኛል» ብዬ ተዝናናሁ። ሎጂክን እንደ ወሬ ቆጠርኩት፤ ሲ አገኘሁ። ፊዚክስም ሲ። ጂፒኤዬ፣ ከአራት የሚያዘው አማካይ ውጤቴ፣ 2.9 ሆነ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ያልመረጠ ሰው ከመረጠው በላይ ውጤት ያስፈልገዋል። ሐኪም መሆን እንደማይፈልግ ያወቀ ልጅ 2.9 ላያስጨንቀው ይችላል። እኔ ግን መፈለግ አለመፈለጌን ሳላውቅ የሕክምና በሩ ተዘጋብኝ። ለአባቴ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስነግረው «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ተዘጋ። ዳባት መሄድ አፈርኩ። እትዬ የምላት አክስቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጥራጥሬ ትሸጣለች፤ የምታግዛት ልጅ አገሯ ገብታ ስለነበር እሷ ጋ ከረምኩ።

እትዬ አንድ ባለ መስመር ደብተር ነበራት። የዱቤ ደብተር ነው። ስም የለውም፤ «የባጃጁ»፣ «የአዘዞዋ»፣ «መነጽሯ» ይላል። ጎኑ ላይ ጭረት አለ። አንድ ጭረት አንድ ኪሎ ይሁን አንድ ጣሳ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። አንድ ማታ «ምስሩ ለምን እንደማያተርፈኝ አይገባኝም» አለችኝ። በኩንታል የምትገዛበትና በኪሎ የምትሸጥበት ሲታይ ማትረፍ ነበረበት።

አዲስ ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ ዓምድ ዓምድ አድርጌ ከፈልኩት፤ ቀን፣ የተገዛ፣ የተሸጠ፣ የቀረ። ሦስት ቀን ሠራሁና ነገሩ አልገጥም አለ። ከጆንያው የጎደለውና የተሸጠው ልዩነት አለው። ሌባ መስሎኝ ሰው ሁሉ ጠረጠርኩ፤ የጎረቤቷን ልጅ ሳይቀር። በኋላ እትዬ ምስሩን ስትበጥር ቁጭ ብዬ አየሁ። ጠጠሩ፣ እንክርዳዱ፣ ነቀዝ የበላው እየተለቀመ መሬት ይወድቃል። ጠራርጌ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ስድስት ኪሎ ከሩብ።

የሚቀጥለው ጆንያ አራት ሆነ። ከዚያ ስምንት። ክረምቱ እስኪገባ ዘጠኝ ጆንያ መዘንኩ። በአማካይ ስድስት ኪሎ ይጎድላል። እትዬ ግን ሁሌም መቶ ኪሎ እሸጣለሁ ብላ ነው ዋጋ የምታወጣው።

ሌሊት ተኝቼ አስበው ነበር። ከነማን የተገዛው ነው ብዙ የሚጎድለው? ዘጠኝ ጆንያ ይበቃል ወይስ ሃያ መመዘን አለብኝ? ኬሚስትሪ እንዲህ እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ልብ በሉ፣ «ይሄ ነው የኔ ሙያ» አላልኩም። እንዲያውም ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ሰው ግን ማንም ሳያዘው ደጋግሞ የሚሠራው ነገር ካለ ልብ ማለት አለበት እላለሁ፤ ምንም ያህል ተራ ነገር ቢመስል።

ትምህርት ተከፍቶ ስንመለስ ጠያቂ ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ ሲኒየሮችን «ዲፓርትመንታችሁ ደስ ይላል?» ነበር የምለው። የማይረባ ጥያቄ ነው። ሁሉም ወይ «አሪፍ ነው» ይላል ወይ «እንዳትገቢ፣ ትቃጠያለሽ»። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት፤ «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» በዚህ ጊዜ ሰው እውነቱን ያወራል። አንዱ የፋርማሲ ልጅ የመድኃኒት ስም ሲሸመድድ እንደዋለ ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ በሽምደዳ እንደማልዘልቅ አውቃለሁ። አንዷ የስታትስቲክስ ተማሪ መጠይቅ ይዛ አራት ቤት ዞራ ሁለቱ እንደዘጉባት፣ ማታ የሰበሰበችውን ኮምፒውተር ላይ ስታስገባ እንዳመሸች ነገረችኝ። «አሰልቺ ነው» አለች። እኔ ግን «ያልመለሱትን ሁለቱን ምን አደረግሻቸው?» ስላት በደንብ አየችኝ።

ከዚያ ፎርሙ መጣ። ዲፓርትመንቶቹን ከአንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል መሙላት ነው። ምደባው በውጤት ስለሆነ የፈለግሽው ከሞላ ወደ ቀጣዩ ትወርጃለሽ። ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ነው። የዶርም ጓደኛዬ ሦስቱን ስትመርጥ አንድ ሳምንት ፈጀች፤ ከአራተኛ በታች ያለውን ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደረደረችው። ባዮሎጂ አራተኛ ሆነ። የደረሳትም እሱ ነው፤ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ የምትጠላው ትምህርት። ቀን ሙሉ አለቀሰች።

እኔም ጀግና አልነበርኩም። ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ ያደረግሁት ሰው ሁሉ ስላደረገ ነው። ስታትስቲክስን አንደኛ ለማድረግ «ሰው ምን ይላል» ያዘኝ። ግን ከሦስት በታች ያለውን በቁም ነገር ሞላሁት። ለእያንዳንዱ «ይሄ ቢደርሰኝ ጠዋት ተነስቼ እሄዳለሁ?» እያልኩ ቁጥር ሰጠሁ። ስታትስቲክስ አራተኛ ገባ። በሁለተኛው ሴሚስተር ውጤቴን ትንሽ ባነሳውም ሦስቱ አልበቃኝም፤ አራተኛው ደረሰኝ። ዛሬ ፍሬሽ ለሆነ ልጅ የምመክረው ይህን ነው፤ ከምርጫህ ሁሉ ለአራተኛው ተጨነቅ። አሠራሩ ከኛ ጊዜ ተለውጦም ቢሆን የምትወርድበት ደረጃ መኖሩ አይቀርም።

አባቴ የዲፓርትመንቴን ስም ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ጎረቤት ሲጠይቀው «ቁጥር ነው፣ መንግሥት የሚፈልገው ቁጥር» ይል ነበር። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አልሰማሁም።

እትዬ ምስር ስትገዛ አሁን ነጋዴውን «ከኩንታሉ የስድስት ኪሎ ቀንስልኝ» ትለዋለች። «ስድስቱን ማን ቆጠረው?» ብሎ ሲስቅባት «ልጄ መዝናዋለች፣ ዘጠኝ ጆንያ» ትለዋለች። አንዳንዱ ይቀንስላታል።