ቤት የቀሩት ልጆች

የእህቴ ትንሹ ልጅ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት ሆስፒታል ሲገባ፣ እናትና አባቱ እየተፈራረቁ አጠገቡ ያድሩ ነበር። ታላላቆቹን እኔ ያዝኳቸው። ስልኩ ፋታ አይሰጥም፤ ደዋዩ ሁሉ የሚጠይቀው ግን ስለ ትንሹ ነው።

የ11 ዓመቱ ጭምት ሆነ። ማንም ሳያዘው ዕቃ ያጥባል፣ ያጠናል። ዘመድ ራሱን እየዳበሰ "ጎበዝ! አሁን የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" ይለዋል። ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል። ልጅ እኮ ነው!

የ6 ዓመቷ ደግሞ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት "ሆዴን" ትላለች። ሐኪም አይቷት ምንም አላገኘባትም።

አንድ ማታ ፀጉሯን እያበጠርኩ "ወንድምሽ እንዴት የተቃጠለ ይመስልሻል?" አልኳት። ዝም አለች። ማበጠሪያውን ተቀብላኝ ጥርሶቹን በጥፍሯ ስትነካካ ቆየችና "አሻንጉሊቴን ሲወስድብኝ 'ምነው በሞትክ' ብዬው ነበር" አለችኝ።

በዚያ ዕድሜ ልጆች ያሰቡት ወይም በንዴት ያሉት ነገር የሚደርስ ይመስላቸዋል። "አይዞሽ፣ ይድናል" ብንላት ይሄን ከሆዷ አያወጣላትም። "ያቃጠለው ውሃው ነው። የተናገርሽው ነገር ማንንም አያቃጥልም" አልኳት። በማግስቱም ደገምኩላት፤ አንዴ ተነግሯት የምታምን አልመሰለኝም።

ሊጠይቁት ከመሄዳቸው በፊት ፎቶውን አሳየኋቸው። ፋሻው የቱ ጋ እንዳለ፣ በአፍንጫው የገባው ቱቦ ምግብ እንደሚያደርስለት፣ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር አደጋ አለ ማለት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ትልቁ እሄዳለሁ አለ። እሷ እምቢ አለች። አላስገደድናትም፤ ሥዕል ሥላ ላከችለት። ለአስተማሪዎቻቸውም ነገርን፤ ክፍል ውስጥ ሲፈዙ እንዳይቆጧቸው።

እህቴ ልብስ ልትቀይር ብቅ ስትል ሻንጣዋን እኔ እሸክፍላታለሁ፤ እሷ ከአንዳቸው ጋር በር ዘግታ ትቀመጣለች። ስለ ቁስል አይወራም። ትልቁ አንዴ ስለ ኳስ ሲለፈልፍ አምሽቶ የበላበትን ሳህን ጥሎ ተኛ። ደስ አለኝ።

ቅናቱም አለ። ጠያቂው ሁሉ ለትንሹ መጫወቻ ይዞ ይሄዳል፣ እነሱ ያያሉ። "ወንድማችሁ ታሞ እንዴት ትቀናላችሁ?" ማለት ምን ይጠቅማል? "ምን ይዤ ልምጣ?" ለሚለኝ መልሴ ያው ነበር። "ለእሱ መጫወቻ ሞልቶታል። ናና እነዚህን ኳስ አጫውትልኝ።"