ሁለት ሮንዴላ ጥዬ ሦስት ሳምንት ቤንዚን አሸተትኩ

የሞተር ሳይክሌ የቤንዚን መዝጊያ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚወርደውን ቤንዚን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቧንቧ፣ ያንጠባጥብ ነበር። ለሚያውቀው ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ። አብዛኛው የኔው ነው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ጠዋት በር ስከፍት ቤንዚን ሸተተኝ። «ትናንት ስቀዳ ፈሶ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም ሸተተኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ ከሥሩ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ሳየው ቤንዚኑ ተንኖ ቢጫ ክብ ብቻ ትቷል። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከመዝጊያው ሥር ሰደድኩ። ከታች ካለችው ትንሽ ዋንጫ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

ጠብታ የሚንጠለጠልበትና ፈሳሹ የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም። ቤንዚን ከየትም ይውጣ ከየት፣ ብረቱን ተከትሎ ወርዶ መጨረሻው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው። መዝጊያው ከሳልባትዮው (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) ጋር ከሚገናኝበት ሊያፈስ ይችላል፣ ከእጀታው ዙሪያ ሊያፈስ ይችላል፣ ከዋንጫዋም ሊያፈስ ይችላል። ሁሉም ጠብታቸውን የሚሰቅሉት እዚያችው ዋንጫ ላይ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩም።

አራተኛም መንገድ አለ። እሱ ከውጭ አይታይም። መዝጊያው ኦፍ (ዝግ) ላይ ሆኖ በውስጥ በኩል ቤንዚን ያሳልፋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡሬተሩ መርፌም፣ ማለትም ቤንዚን ሲሞላ የሚዘጋው፣ ካልያዘ፣ ወይ በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ ይወርዳል፣ ወይ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ወደ ሞተር ዘይቱ ይዘልቃል። የዘይቱ መጠን ጨምሮ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ ሞተሩን እንዳታስነሱት። መጀመሪያ መዝጊያውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ዘይቱን ለውጡ። የኔ ዘይት ደህና ነበር። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ዕድለኛ የሆንኩት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ሥራውን ጀመርኩ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ ወደ ውጭ አወጣሁት፣ ቤንዚኑን ጄሪካን ውስጥ ገለበጥኩ፣ ቱቦውን በፒንሳ አላቅቄ ሳልባትዮውን አወረድኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ነው የሚሄደው። ስለዚህ በተዘጋ ቤት፣ ምድጃ ወይም ሲጋራ ባለበት አይሠራም። ይሄን ማንም ያውቃል፤ ማንም አይጠነቀቅም።

መዝጊያው የሚታሰረው በሁለት ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን ነው። በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታኋቸው። መሀል ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ጠፍጥፏል። «አገኘሁህ!» አልኩ። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ መዝጊያው ካፈሰሰ ሙሉውን ቀይሩ ይላል። አልሰማሁትም። አሁንም አልሰማውም። ብረቱ ካልተሰነጠቀ የሚያረጀው ጎማው ነው። እጀታው ውስጥ ያለችው ባለ አራት ቀዳዳ ጎማም ለብቻዋ ትሸጣለች። በዚያ ላይ ለመጠባበቂያ ብዬ የገዛሁት ሙሉ መዝጊያ የቡሎኖቹ ርቀት 34 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። የኔ 44 ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ከቀዳዳ መሀል እስከ ቀዳዳ መሀል ሳትለኩ አትግዙ፤ ዓይን ይሸውዳል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ቡሎኖቹ ሲወጡ አንገታቸው ላይ አንዳንድ ሮንዴላ (ከቡሎን ራስ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ቀለበት) ነበራቸው። የብረት አይደሉም፤ ቀጭን፣ የገረጣ ፕላስቲክ ነገር። አንዷ በጎኗ ተሰንጥቃለች። ጥፍሬን አስገብቼ ስስባት ተሰበረች። ሁለተኛዋን አየት አደረግኳትና ጣልኳት። በምትካቸው የሚያብረቀርቁ የብረት ሮንዴላዎች አስገባሁ። እንዲያውም «አሳመርኩት» ብዬ ነበር።

አዲሱን የጎማ ቀለበት ገጥሜ አሰርኩ። ትንሽ ቤንዚን ጨምሬ አምስት ደቂቃ አየሁ። ደረቅ! ሞላሁትና ተኛሁ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያው ቢጫ ክብ።

ሰው ሲያፈስበት ምን ያደርጋል? ያጠብቃል። አጠበቅኩ። ማታ አጠበቅኩ፣ ጠዋት አጠበቅኩ። ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ ጭምር። ባጠበቅኩ ቁጥር ባሰበት። ለምን እንደባሰበት በኋላ ነው የገባኝ። መዝጊያው ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ቡሎኖቹ ዳርና ዳር ናቸው፣ የጎማ ቀለበቱ ደግሞ መሀል። ዳርና ዳሩን አጥብቃችሁ ስትስቡት መሀሉ ይቀስታል፣ ማለትም እንደ ቀስት ይጎብጣል። አንድ የነበረውን የፍሳሽ መንገድ በጉልበቴ ሁለት አደረግኩት።

ከዚያ ሲሊኮን መጣ። «ትንሽ ሲሊኮን ቀባ አድርግበት፣ ያቆመዋል» ያለኝ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አሁንም ሰላም እንባባላለን። ቀባሁ፣ አንድ ቀን አደረቅኩት፣ ሁለት ቀን ያዘ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሞተሩ እየተንተባተበ ቆመ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ እንደ ጄሊ ይሆንና ይቆራረጣል። አንዷ ፍርፋሪ ተጉዛ የካርቡሬተሩን ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ፣ ደፍናዋለች። ያንን ቀን ካርቡሬተር ሳጸዳ ዋልኩ። ከመዝጊያው የተረፈውን ሲሊኮን በእንጨት ስፋቅ ደግሞ አመሸሁ። በብረት ብፍቀው ገጹን እጭረዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ያኔ ጥንቃቄ ትዝ አለኝ፤ ካበላሸሁት በኋላ።

ገላገለችኝ የምለው ጠመኔ ናት። ሁሉንም በጨርቅ አደረቅኩ። ጠመኔ ፈጭቼ መዝጊያው ላይ በደንብ ነሰነስኩ፣ መብራት ይዤ ተቀመጥኩ። ነጩ ዱቄት ላይ መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ የፍሳሹ ምንጭ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ግራጫ ነጥብ ታየች። ከመገናኛው አይደለም። ከእጀታውም አይደለም። ከግራው ቡሎን ራስ ሥር ነው፣ «አሳመርኩት» ካልኩበት የብረት ሮንዴላዬ ዙሪያ። ነጥቧ ቀስ ብላ ሰፋች፣ ቀጭን መስመር ሆነች፣ ወርዳ ዋንጫዋ ላይ ተንጠለጠለች።

ለካስ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ሳልባትዮው ውስጥ ድረስ ይዘልቃል! በብዙ ሞተሮች ላይ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ በቡሎኑ ጥርስ በኩል ተሽሎክልኮ ይወርዳል። የሚያቆመው ያቺ የጣልኳት ለስላሳ ሮንዴላ ብቻ ናት። ብረት በብረት ላይ ቤንዚን አያቆምም። ያረጀውን ቀለበት መቀየሬ ልክ ነበር፤ በዚያው እጄ አዲስ ፍሳሽ ከፈትኩ። ይህን መጽሐፉ አንድ መስመር ቢጽፈው ምን ነበረበት? ሥዕሉ ላይ ሮንዴላዋ አለች፣ ለምን እንዳለች ግን አንድም ቃል የለም።

የቀረው ቀላል ነው። ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አነጠፍኩና የቀሰተውን ገጽ በ8 ቅርጽ እያዞርኩ አሸሁት፣ ሙሉው እኩል እስኪያበራ። ብናኙን አጠብኩ። አዲስ የጎማ ቀለበት፣ አዲስ የናይሎን ሮንዴላዎች። ለባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን የተለመደው ማጥበቂያ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ ላይ ከዚያም ትንሽ ይቀነሳል። እኔ አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ይዤ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያፈራረቅኩ አሰርኩ። ሳልባትዮውን ሞልቼ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። አምስት ደቂቃ ማየት ራስን ማታለል ነው።

ካርቶኑ አሁን ደረቅ ነው። የሞተሩ ሽፋን ላይ ግን ቤንዚኑ የሄደበት ቀለም ተነስቶ፣ ልክ ያቺን ቀጭን መስመር የመሰለ ጠባሳ ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት አሁንም አሸታለሁ።