የድሮ ሸክላ ሕንፃን ከውስጥ ማልበስ፦ ላስቲኩ ያበላሸብን ሥራ

የድሮ የሸክላ ሕንፃ ኃይል ቆጣቢ አድርጎ ለማደስ የሚነሳ ሰው ሥራ ሳይጀምር ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ግድግዳን ከውስጥ በኩል የሙቀት መከላከያ ማልበስ ከሁሉም በፊት የውኃ ጉዳይ ነው። መመሪያው፣ የፈቃድ ቅጹና የዕቃ ሻጩ ወረቀት የሚያወሩት በአብዛኛው ስለ ሙቀት ነው፤ ግድግዳውን የሚያበሰብሰው ግን እርጥበት ነው። እኔ በመራሁት እድሳት የፈቃድ ቅጹ ይህን በቅጡ ስለማይቆጥር የተለጠፈው መከላከያ ሁሉ ተነቅሎ ተጣለ፤ ሥራውም ከዜሮ ተጀመረ።

ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ግድግዳው 38 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ሸክላ፣ ወለሎቹ የኮንክሪት ሶሌታ፣ ጣሪያው በእንጨት የተማገረ ነው። አፍርሶ አዲስ መሥራት ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ያኔም አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበለውም። የአንድ ሕንፃ ትልቁ የካርበን ዕዳ ያለው በመሠረቱ፣ በምሰሶውና በሶሌታው ነው። ስሚንቶ ሲመረት ካርበን የሚወጣው ለምድጃው ከሚቃጠለው ነዳጅ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲግል ወደ ካልሲየም ኦክሳይድ ይለወጥና ካርበን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከጠቅላላው ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ስለሚመጣ፣ ምድጃው በንጹሕ ኃይል ቢሠራ እንኳ አይቀርም። የቆመ መዋቅር ይህን ዕዳ ከፍሎ ጨርሷል፤ እሱን አፍርሶ ሌላ ዕዳ መግባት ለእኔ ትርጉም የለውም።

ቀላሎቹን ሥራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ጣሪያው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሴሉሎስ፣ ማለትም ከወረቀት ጭረት የሚሠራ መከላከያ፣ ነፋንበት፤ ከሥሩ አየር የማያሳልፍ ወረቀት ተወጥሮ መገጣጠሚያው በቴፕ ታሽጓል። መስኮቶቹ ባለ ሦስት መስታወት ሆኑ፤ ፍሬማቸው ከሸክላው ጋር በሚለሰን ቴፕ ተያያዘ። በፎም ብቻ ሞልቶ መሄድ በቂ አይደለም፤ ፎም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አየር የሚለዋወጠው ሙቀት መልሶ በሚይዝ ማሽን ነው፤ ሒሳቡ ለአንድ ሰው በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ነው። መስኮት ቀይሮ የአየር መለዋወጫ አለመግጠም እርጥበትን ቤት ውስጥ መቆለፍ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሠራት አለባቸው።

የአየር ፍሳሽ ፍተሻው ግን በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም። በር ላይ ማራገቢያ ተገጥሞ በሕንፃው ውስጥና ውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል፤ ከዚያ የሕንፃው አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ይለካል። ፓሲቭ ሀውስ የተባለው፣ በጣም ጥቂት ኃይል ለሚፈጁ ሕንፃዎች የወጣ መስፈርት ለአዲስ ሕንፃ 0.6 ነው፤ ለእድሳት የወጣው ኢነርፊት የተባለው ደግሞ 1.0 ይፈቅዳል። የእኛ መመሪያ ፍተሻውን የሚጠይቀው በርክክብ ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ለፋይል እንጂ ለሕንፃው አይጠቅምም፤ በርክክብ ዕለት ቀዳዳው ሁሉ ከልስንና ከቀለም ጀርባ ነው። ሦስት ጊዜ አስፈትሹ፦ ሥራ ሳይጀመር፣ አየር ማገጃው ገና በዓይን እየታየ ሳለ፣ ከዚያም በመጨረሻ። ዋጋ ያለው የመሐለኛው ነው፤ ጭስ ይዞ በየመስኮቱ ጠርዝ፣ በየቧንቧው መግቢያና በሶሌታው ዳር እየዞሩ ቀዳዳውን እዚያው ማሸግ ይቻላል።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ዕቅዳችን ከውጭ በኩል 14 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ጭረት ሰሌዳ ማልበስ ነበር። የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ ከውጭ ይሁን። ሸክላው ሙቅና ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ የሶሌታው ጫፍ አብሮ ይሸፈናል፣ ዝናብም ሸክላው ጋ አይደርስም። የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ግን 14ቱን ሳንቲ ሜትር ከድንበር መራቅ ያለበትን ርቀት የሚጥስ ግንባታ ብሎ ቆጠረውና ከለከለ። ኃይል ቆጥቡ የሚለው መመሪያም ሆነ የድንበር ርቀት ደንቡ የወጡት ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ የሚወስን ኃላፊ ግን አልተገኘም።

ስለዚህ ከውስጥ ሆነ። ያቀረብነው 80 ሚሊ ሜትር የካልሲየም ሲሊኬት ሰሌዳ ነበር፤ እርጥበት መጥጦ ወደ ክፍሉ መልሶ የሚያደርቅ ዓይነት ነው። ተቆጣጣሪው አልተቀበለውም። የግድግዳው የዩ መጠን፣ ማለትም በግድግዳው አልፎ የሚወጣው ሙቀት ልክ፣ ከ0.30 ዋት በሜትር ካሬ በኬልቪን እንዳይበልጥ አዘዘ፤ ከመከላከያው ፊትም ተን የሚያግድ ላስቲክ ይኑር አለ። ምክንያቱ ቅጹ ነው። ቅጹ የሚቀበለው አይኤስኦ 13788 የተባለውን ስሌት ብቻ ነው፤ ይህ ስሌት ደግሞ ተን በግድግዳው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ የሚሆነውን በወር አማካይ ይቆጥራል እንጂ ዝናብን፣ በሸክላው ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሚሳበውን ውኃና የአየር ፍሳሽን አያውቅም። የድሮ ሸክላን የሚጎዱት ግን እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ተቃውሟችንን በጽሑፍ አስገባን፤ የተሰጠን መልስ «ላስቲክ ይደረግ» የሚል ነበር። በትእዛዙ መሠረት 100 ሚሊ ሜትር ሮክ ዉል (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ እንደ ሱፍ ያለ መከላከያ)፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላዩ ጂፕሰም ቦርድ ተሠራ።

ምን እንደሚሆን በቁጥር ላሳይ። ውጭው 0፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ሲሆን ያልለበሰው ሸክላ ውስጠኛ ገጽ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ሮክ ዉል ሲለብስ ያው ገጽ ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ የ20 ዲግሪ አየር የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ውኃ መጣል የሚጀምርበት ሙቀት፣ 9.3 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ሾልኮ ሸክላው ጋ የደረሰ አየር እዚያው ውኃ ይጥላል፤ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 3 ግራም ገደማ። በሰዓት 1 ሜትር ኩብ ብቻ ቢሾልክ በቀን 70 ግራም ውኃ ማለት ነው፤ የብርዱ ወራት እስኪያልፉ ደግሞ አይደርቅም።

ላስቲኩስ ይህን አያግድም? ያልተቀደደ ላስቲክ ያግዳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በውጭው ግድግዳ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሶኬት ይቀደዋል፣ የራዲያተር ማንጠልጠያ ይበሳዋል፣ ሶሌታው ጋ ሲደርስ ደግሞ የሚታሸግበት ነገር ያጣል። በዚያ ላይ ከሮክ ዉሉ ጀርባ ሸክላው ወጣ ገባ ስለሆነ ክፍተት ነበረ፤ የሾለከው አየር በዚያ ክፍተት ከወለል እስከ ጣሪያ እንደልቡ ይዞራል።

ችግሩ የወጣው መጀመሪያ በሶኬቶቹ በኩል በመጣ የሻጋታ ሽታ ነው፤ ከዚያም በጣሪያው ጥጎች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ጂፕሰሙ ሲከፈት የሮክ ዉሉ ታችኛው ክፍል ውኃ ቋጥሯል፤ ሸክላው ላይ ቀርቶ የነበረው አሮጌ ቀለምም ሻጋታ ለብሷል። በጣም የከፋው ዝናብ በሚመታው ጎን ነበር። እዚያ ጥፋቱን ያባባሰው ላስቲኩ ራሱ ነው። ዝናብ ያራሰው ሸክላ በፀሐይ ሲሞቅ ተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ድሮ በልስኑ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ይደርቅ ነበር፤ አሁን ላስቲኩ ጋ ሲደርስ መውጫ ያጣል። እርጥበት እንዳይገባ የታዘዘው ላስቲክ እርጥበት እንዳይወጣ ከለከለ።

የጣሪያ ጥጎቹ ነገር ሌላ ነው። ሶሌታው ግድግዳውን ሰንጥቆ እስከ ውጭ ስለሚደርስ የሙቀት ድልድይ፣ ማለትም ሙቀት በቀላሉ የሚያመልጥበት መንገድ፣ ነው። ግድግዳው ሳይለብስ በፊት በዙሪያው ያለው ሸክላ ለብ ያለ ስለነበር ሶሌታውንም ያሞቀው ነበር። ግድግዳው ሲለብስ ሸክላው ቀዘቀዘ፣ ሶሌታውም አብሮት ቀዘቀዘ። ሻጋታ ለማደግ ጤዛ አያስፈልገውም፤ በገጹ ላይ ያለው እርጥበት 80 በመቶ ከደረሰ ይበቃዋል። ከላይ ላልኩት የ20 ዲግሪ አየር ይህ ማለት ገጹ ከ12.6 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። የሶሌታውን ጫፍ ስሌት የጠየቀን ግን አልነበረም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

እንደገና ስንሠራው የሄድንበት መንገድ እነሆ፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

መጀመሪያ ውጭውን። አሸንዳና የውኃ ማውረጃ ቱቦዎች ይጠገናሉ። የሸክላው መገጣጠሚያ የተፈረካከሰበት ቦታ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ በኖራ ሞርታር ይሞላል። በስሚንቶ የሞላ ሰው ውኃውን ወደ ሸክላው እየገፋው ነው፤ ስሚንቶ ከሸክላው ይጠነክራል፣ አያተንም፣ በዳሩም ይሰነጠቃል። ከዚያ ሸክላው ምን ያህል ውኃ እንደሚመጥ በካርስተን ቱቦ ይለካል፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ መጠን የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ ነው። በጣም የሚመጥ ከሆነና ዝናብ የሚመታው ጎን ከሆነ ከውስጥ ለማልበስ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ውስጡን እስከ ሸክላው መፋቅ ነው። የጂፕሰም ልስን፣ የዘይት ቀለም፣ የወረቀት ሙጫ ሁሉም ይነሳል፤ ሻጋታ የሚያድገው እነዚህ ላይ ነው። ግድግዳው በእርጥበት መጣጭ ማሽን ይደርቃል፤ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የኖራ ልስን ተለስኖ ይስተካከላል። ይህ ልስን አየር ማገጃም ነው። ሰሌዳው የሚጣበቀው በማዕድን ማጣበቂያ፣ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ባለው መሣሪያ ተሰርቶ፣ ሙሉ ገጹ ተቀብቶ ነው። እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ ያንኑ ክፍተት ይመልሰዋል። ሠራተኛው የለጠፈውን የመጀመሪያ ሰሌዳ ሳይደርቅ አስነቅሉትና ጀርባውን እዩ፤ ማጣበቂያ ያልነካው ቦታ ካለ እንደገና ይለጥፍ። በላዩ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የኖራ ልስን ከመረብ ጋር፣ በመጨረሻም የሲሊኬት ወይም የኖራ ቀለም።

ለሶሌታው፦ ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ክፍሉ 50 ሳንቲ ሜትር የሚዘልቅ፣ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ሰሌዳ ጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ከሶሌታው በላይ በኩል፣ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው ጥግም አይረሳ። የመስኮት ጎንና ጎን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይለብሳል፤ ለዚህ ቦታ ከሌለ ልስኑ ይቆፈር። ሶኬቶች በሙሉ ወደ ውስጠኛ ግድግዳ ይዛወሩ፤ ባለቤቱ ቢያጉረመርምም።

ውፍረቱን በተመለከተ ከመመሪያው ጋር አልስማማም። የእኛ ሸክላ ሳይለብስ የዩ መጠኑ 1.55 ነው። 60 ሚሊ ሜትር ካልሲየም ሲሊኬት ወደ 0.64፣ 80 ሚሊ ሜትር ወደ 0.53፣ 120 ሚሊ ሜትር ወደ 0.40 ያወርደዋል። የመጀመሪያው 60 ሚሊ ሜትር 0.91 ሲቀንስ ከ80 ወደ 120 የሚጨመረው 40 ሚሊ ሜትር የሚቀንሰው 0.13 ብቻ ነው። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳንቲ ሜትር ሸክላውን ያቀዘቅዘዋል፣ መድረቂያውንም ያዘገየዋል። ከውስጥ ለሚለብስ ድፍን ሸክላ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ላይ ቁሙ፤ የቀረውን በጣሪያው፣ በመስኮቱና በአየር ፍሳሹ አካክሱት።

ፈቃዱ ለሁለተኛ ጊዜ የተገኘው ዝናብንና የውኃ መሳብን በየሰዓቱ በሚቆጥረው በኢኤን 15026 ስሌት ነው። ይህን ስሌት ከመጀመሪያው ብናቀርብም አናነብም ተብለን ነበር። ሲያጸድቁት ስለተነቀለው ግድግዳ አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ቅጹም እስካሁን አልተለወጠም። ስለዚህ ማንም ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ስሌቱን በራሱ አስጠንቶ፣ የተቆጣጣሪውን ትእዛዝ በጽሑፍና በፊርማ ተቀብሎ ይግባ።

ሂት ፓምፑ፣ ማለትም ከውጭ ሙቀት ስቦ ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን፣ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ድጎማ የሚሰጡ ሰዎች መጀመሪያ እሱን እንድትገዙ ይገፋፏችኋል። ሕንፃው ሳይለብስ በተሰላ የሙቀት ፍላጎት የተገዛ ማሽን ሕንፃው ከለበሰ በኋላ ከልክ በላይ ትልቅ ይሆናል፤ እየበራ እየጠፋ ኮምፕረሰሩን ይጨርሳል። ግድግዳው ከለበሰ የራዲያተሩን ውኃ ከ55 ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ማውረድ ይቻላል፤ ማሽኑ በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙ ሙቀት የሚሰጠው ውኃው ለብ ያለ ሲሆን ነው። የማቀዝቀዣ ጋዙንም እዩ፤ አር 410 ኤ ቢያመልጥ አንድ ኪሎው ከ2000 ኪሎ በላይ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፤ ፕሮፔን፣ ማለትም አር 290፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን ማሽኑ ውጭ፣ ከመስኮትና ከፍሳሽ ጉድጓድ ርቆ ይቀመጣል።

ሰሌዳው ሲለጠፍ ከጀርባው የእርጥበት መለኪያዎች ቅበሩ፦ ዝናብ በሚመታው ጎን፣ ፀሐይ በማያገኘው ጎን፣ ከሶሌታው ሥርና ከመስኮት በታች። ሕንፃውን የሚረከበውም ሰው ግድግዳውን በፕላስቲክ ወይም በዘይት ቀለም እንዳይቀባ በጽሑፍ ይነገረው፤ አንድ ዙር የዘይት ቀለም ያንን ላስቲክ መልሶ ይለጥፈዋል። እኛ የቀለሙን ዓይነትና የመለኪያዎቹን ቦታ ጽፈን በየፎቁ የኤሌክትሪክ ሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፈነዋል፤ ቀለም ቀቢውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ያን በር ሳይከፍቱ ሥራ አይጀምሩም።