«ሰዎቹ በቦምቡ አያፍሩም ወይ?» ለምትሉን

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አሜሪካ በ1945 አቶሚክ ቦምብ የጣለችባት የጃፓኗ ከተማ የሂሮሺማ መታሰቢያ በዜና ባለፈ ቁጥር አገር ቤት ካላችሁት ወዳጆች አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «እዚያ አሜሪካ ያለው ሕዝብ በዚህ ነገር አያፍርም እንዴ?» የሚያፍር አለ፤ የማያፍረው ግን ይበልጣል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2015 ሲጠይቅ ከአሜሪካውያኑ 56 በመቶው ቦምቡ መጣሉ ተገቢ ነበር ብለዋል፤ ከጃፓናውያኑ 14 በመቶው ብቻ። እኛ ሐበሾቹማ ቡና ላይ ከተነሳ «ፈረንጅ ጨካኝ ነው» ብለን በሁለት ደቂቃ ፈርደን ወደ ቤት ኪራይ ወሬ እንመለሳለን።

ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን ከሚያርፍበት ከደላስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ቻንቲሊ ላይ፣ የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም አለ። መግቢያው ነጻ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡን የጣለው ኢኖላ ጌይ እዚያ ተወልውሎ ቆሟል፤ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 43 ሜትር። ስሙ የአብራሪው የፖል ቲቤትስ እናት ስም ነው። በእኛ አገር የእናት ስም የሚጻፈው ታክሲ መስታወት ላይ ነው።

መግለጫውን ያነበበ ሐበሻ ግራ ይጋባል። የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ መጠኑንና የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ መጣሉን ይነግራል፤ ስንት ሰው እንደሞተ አይናገርም። ረስተውት አይደለም። ለ50ኛው ዓመት፣ በ1995፣ የተጎጂዎችን ዕቃና «ያስፈልግ ነበር ወይ?» የሚለውን ክርክር ጨምረው ሊያሳዩ ሲያዘጋጁ የጦር ሠራዊት አርበኞች ማኅበራት ተነሱባቸው፤ ሴኔቱም በውሳኔ ነቀፋቸው። ዝግጅቱ ተሰረዘ፤ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ማርቲን ሃርዊትም ሥራውን ለቀቀ። የተረፈው ይህ አጭር ሰሌዳ ነው።

ሐበሻ የሚዋረደው ግን ሙዚየም ውስጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካን ታሪክ የተማረ ሁሉ «ቦምቡን ያስጣለው ፕሬዚዳንት ትሩማን ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚለው ይገጥመዋል። መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ይከፍልና፣ በዚህ በኩል ያላችሁ ደግፉ፣ በዚያ በኩል ያላችሁ ተቃወሙ ይላል። ማን ምን ያምናል ብሎ የጠየቀ የለም። መምህሩ ያለውን ደብተር ላይ ገልብጦ፣ ያንኑ መልሶ ጽፎ 95 ሲያመጣ የኖረ ልጅ እዚህ ላይ ይደርቃል። ሕፃን ያቃጠለ ቦምብ ደግፈህ ተናገር ሲባል ኃጢአት እንጂ የቤት ሥራ አይመስለውም። ዝም ይላል፤ ዝምታው ከተሳትፎ ማርክ ይቆረጣል። አጠገቡ የተቀመጠው ፈረንጅ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የቱ እንደሚቀድም ሳያውቅ እጁን እያወናጨፈ ሙሉውን ይወስዳል። ጽሑፉ ሲመለስማ ብሶ ነው፤ ሐበሻው ታሪኩን ከአልፋ እስከ ኦሜጋ ተርኮ፣ በቀይ «አቋምህ የቱ ነው?» ተጽፎበት ያገኘዋል።

ስለዚህ ለመምጣት ሰነድ የምታሟሉ ልጆች፣ ከክረምት ጃኬቱ ጋር ይህንንም ያዙ።

መጀመሪያ ቀኖቹን ደርድሩ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ጁላይ 26 ቀን 1945 አሜሪካና አጋሮቿ ያወጡት የፖትስዳም መግለጫ ጃፓን ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ ትስጥ አለ፤ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዕጣ ግን ዝም አለ። ኦገስት 6 ጠዋት 8 ሰዓት ከ15 ሂሮሺማ። ኦገስት 8 ሶቪየት ኅብረት በጃፓን ላይ ጦርነት አወጀች፤ በማግስቱ ጃፓን ይዛት የነበረችው ማንቹሪያ ገባች። በዚያው ኦገስት 9፣ 11 ሰዓት ከ2 ላይ ናጋሳኪ። ኦገስት 15 ንጉሠ ነገሥቱ በራዲዮ ተናገሩ። ሰዓቶቹም የፈረንጅ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሂሮሺማ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ነው፤ ነገር ግን ተሳስታችሁ 1937 ብላችሁ ከጻፋችሁ መምህሩ የጃፓን ጦር በዚያ ዓመት ቻይና ውስጥ ስለፈጸመው የናንጂንግ ጭፍጨፋ የምታወሩ ይመስለዋል።

የድጋፉ ወገን ከደረሳችሁ በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ከተደረገው ውጊያ ጀምሩ። ለዚያች ደሴት ብቻ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፤ የጃፓን ወታደርና የደሴቲቱ ሰላማዊ ሰው ደግሞ በብዙ እጥፍ። ከጃፓን ዋና ደሴቶች አንዷ በሆነችው በኪዩሹ ላይ ጦር ለማውረድ የተያዘው ቀን ኖቬምበር 1 ነበር። ቶኪዮ በማርች አንድ ሌሊት በተራ ተቀጣጣይ ቦምብ 100,000 ያህል ሰው አልቆባት እንኳ መንግሥቷ አልተንበረከከም። ናጋሳኪ ከተመታችም በኋላ ስድስቱ የጃፓን የጦር ምክር ቤት አባላት እጅ በሚሰጡበት ሁኔታ ላይ 3 ለ 3 ተከፍለው፣ የቆረጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ «ቦምቡ አንድ ሚሊዮን ሕይወት አዳነ» የሚለው ነው። ቁጥሩን ያስለመደው የቀድሞው የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን በ1947 ያወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ እሱም ያለው ሙትና ቁስለኛ ተደምሮ ነው። በጁን 1945 የጦር ዕቅድ አውጪዎቹ ያቀረቡት ግምት 40,000 ገደማ ሟች ነበር። ሚሊዮኑን ሳታጣሩ ከጻፋችሁ ተቃዋሚው ወገን በዚህ ብቻ ይጥላችኋል።

ተቃውሞው ከደረሳችሁ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ያሠራውን የ1946 የቦምብ ድብደባ ጥናት ያዙ፤ ጃፓን ያለ አቶሚክ ቦምብም፣ ያለ ሶቪየትም፣ ያለ ወረራም ዓመቱ ሳያልቅ እጅ ትሰጥ ነበር ይላል። የንጉሠ ነገሥቱን ሁለት መልእክቶችም አስተያዩ። ለሕዝቡ ኦገስት 15 ሲናገሩ ጨካኙን አዲስ ቦምብ ያነሳሉ፤ ለወታደሮቹ ኦገስት 17 ሲጽፉ ግን የሚያነሱት ሶቪየትን ነው፤ ቦምቡ የለበትም። የትኛው ነው ያንበረከካቸው? ዛሬም ድረስ ሊቃውንቱ የሚፋጩበት ይኸው ነው።

እንደ እኔ ከሆነ የክርክሩ ሁሉ ከባዱ ናጋሳኪ ነው። ሂሮሺማን ለመከላከል የሚቀርበው ነገር ቢያንስ ሊሰማ ይችላል። ለሁለተኛው ግን አዲስ ውሳኔ እንኳ አልተሰጠም፤ የጁላይ 25ቱ ትእዛዝ ተጨማሪ ቦምቦች እንደተዘጋጁ ይጣሉ ይላልና። ቀኑም ከኦገስት 11 ወደ 9 የመጣው የአየር ጠባዩ ይበላሻል ተብሎ ነው። አውሮፕላኑ የታለመው ለኮኩራ ነበር። ኮኩራ በደመናና በጭስ ተሸፈነች፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሶባት ዒላማው አልታይ ሲል፣ ነዳጁም ሲያጥር ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ቦምቡ ከታሰበበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኡራካሚ ሸለቆ ላይ ፈነዳ። ኡራካሚ የጃፓን ካቶሊኮች ሰፈር ናት። ካቴድራሉ ውስጥ ምእመናን ለእመቤታችን ፍልሰታ በዓል ንስሐ እየገቡ ነበር። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 3 ነው።

ሌላው የሚያናድደው፣ ሐበሻ ተማሪ ባዶ እጁን መቀመጡ ነው። ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1928 አጽድቃ፣ በ1935 እና 36 በእኛ ላይ ረጨችው። ጃንሆይ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አውሮፕላኖቹ በዘጠኝ፣ በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስምንት እየተከታተሉ ሰውንም ከብቱንም ወንዙንም መርዝ እንዴት እንዳለበሱት ዘርዝረዋል። ጦርነትን ማሳጠር ሲባል ከታች ሆኖ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን። አራምባና ቆቦ እንዳይሆን ግን ይህን መግቢያችሁ ላይ አትጻፉት፤ ስለ ሰላማዊ ሰው ከምትጽፉበት አንቀጽ ላይ አስገቡት።

ከዚያም የማንም አሜሪካዊ ተማሪ የማያውቀውን ጨምሩ። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ያለውን 1653 ቁጥር ውሳኔ ግንባር ቀደም ሆና ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አልሰጡም፤ አሜሪካ ከተቃዋሚዎቹ ነበረች። ሶቪየት በታሪክ ትልቁን ቦምብ ባፈነዳች በወሩ እጇን አውጥታ ደገፈች፤ ፖለቲካ ነው። ለኩራት ብቻ እንዳትቸኩሉ ግን፣ ቦምቡ ሲጣል ኢትዮጵያም ከዲሴምበር 1942 ጀምሮ በጃፓን ላይ ጦርነት ያወጀች አገር ነበረች። ይህን የሚያነሳባችሁ ካለ ቀድማችሁ እወቁት።

በመጨረሻ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለምትቀጠሩት፦ «አባቴ ወደ ጃፓን ሊዘምት ተሰልፎ ነበር፤ ቦምቡ ባይኖር እኔም አልወለድም» የሚሉ ሽማግሌ ያጋጥሟችኋል። የ1946ቱን ጥናት አታንሱባቸው። አባታቸው የትኛው ደሴት ላይ እንደነበሩ ጠይቋቸው፤ ከመማሪያ መጽሐፉ የማታገኙትን ይነግሯችኋል፤ ሥራችሁም አይበላሽም።