ለፕሮፌሰሩ፣ በቀሪቦ

ሥራዬ ኦክስፎርድ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ደሴ ስገባ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ የለም፤ «ብርዱስ እንዴት ነው?» ይባላል፣ ይታለፋል። ባለፈው ክረምት ግን የእህቴ ልጅ ያመጣሁለትን ጫማ እንኳ ዞር ብሎ ሳያይ፣ «እትዬ፣ የቶልኪን መቃብር ሄደሻል?» ብሎ አፋጠጠኝ።

ሄጃለሁ እንጂ! ቶልኪን የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር የነበረ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው፤ የምንከባከባቸው ሴትዮ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ልቦለዱ ሲነሳ ሕመማቸውን የሚረሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተ የቶልኪን ማኅበር አለ፤ አባላቱ በየዓመቱ ሴፕቴምበር አካባቢ ኦክስፎርድ ይሰበሰቡና እሑድ ወልቨርኮት መካነ መቃብር ሄደው አበባ ያኖራሉ። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋሁ አብሬ ሄድኩ። ግራጫ ካባ ደርቦ ረጅም በትር የያዘ ሽማግሌ ሳይ ከግሸን የወረደ ባሕታዊ መሰለኝ። አንዲት ወጣት ደራሲው ራሱ በፈጠረው በኤልፎች፣ በልቦለዱ ውስጥ ባሉት የማይሞቱ ፍጡራን፣ ቋንቋ ግጥም በቃሏ ወጣችው። የትም አገር የማይነገር ቋንቋ እኮ ነው! ሴትዮዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሏታል።

ልጁ ይህን ሁሉ አስደገመኝ። ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው? ግራጫ። ምን ተጽፎበታል? ከሚስቱ ስም ሥር «ሉቲየን»፣ ከእሱ ስም ሥር «ቤረን»። እሱ ይህን ከእኔ በፊት ያውቀው ኖሯል፤ ካየ ሰው አፍ መስማት ፈልጎ ነው። መጽሐፎቹን የጨረሰው በስልኩ ነው፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ ስሙን በኤልፎች ፊደል ጽፎታል።

ቡና የምታፈላው እናቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «ሉቲየን ማን ናት?» አለች።

«በልቦለዱ ውስጥ የማትሞት ልጅ ነበረች እማዬ። ቤረን የሚባል ሟች ሰው ወዳ ሞትን መረጠች። ደራሲው ሚስቱን እንደዚያች ነበር የሚያያት።»

«እንዲህ ይወዳት ነበር? አላህ ይዘንላቸው» ብላ ሁለተኛውን ቀዳች።

ልጁ ሌላም ጉድ አለው። በቶልኪን ልቦለድ ውስጥ ጎንዶሊን የምትባለው በተራራ የተከበበች ስውር ከተማ ግሸን ናት ባይ ነው፦ ዙሪያዋ ገደል፣ መግቢያዋ ጠባብ፣ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባት የነበረች አምባ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ አፍቃሪ ሁሉ የሚወደውን ነገር ወደ ደጁ ሲጎትት ነው የማየው። ተመልሼ ለሴትዮዬ ስነግራቸው ግን አልሳቁም። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ግጥሙ የአበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራ ተራራ እንደጠቀሰ ነገሩኝና «ልጁ ጨርሶ አልሳተም» አሉ። ይህን በድምፅ መልእክት ልኬለት፣ ለሳምንት ያህል በጓደኞቹ ላይ ሲኮራ ሰነበተ።

ቶልኪን የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 ነው። አፍቃሪዎቹ በዚያ ቀን፣ እያንዳንዱ ባለበት አገር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ብርጭቆ አንስተው «ለፕሮፌሰሩ!» ይላሉ። የሚጠጣው ምንም ይሁን ግድ የለም። ዘንድሮ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ደሴ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። «እትዬ፣ ቀደምናችሁ! በቀሪቦ ነው!» ይላል ልጁ እየሳቀ። ከኋላው የእናቴ ድምፅ ይሰማል፦ «ለማን ነው ያልከኝ? ለዚያ ሚስቱን ለሚወደው? በል ለእኔም ቅዳልኝ።»